የእናቴ አዲስ አለቃ

ስምንት ዓመቴ ላይ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ በነበረበት ወቅት፣ እናቴ ከአለቅነቷ ተሽራ በገዛ ስፌት ቤቷ ተላላኪ ሆነች ብዬ አምኜ ነበር። አምኜ ዝም ብል ደግ ነበር። እኔ ግን ላስመልሳት ተነሣሁ። በዚያ ዘመን አብረውን የነበሩ ሰዎች ዛሬም ባገኙኝ ቁጥር ያንን ጉዴን እያነሡ ይስቁብኛል።

ስፌት ቤቱ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ነበር፤ ሁለት የተያያዙ ክፍሎች። በፊተኛው ክፍል ዘጠኝ የስፌት መኪናዎች በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል። የኋለኛውን ክፍል ከጫፍ እስከ ጫፍ የያዘው የመቁረጫው ጠረጴዛ ነው። ዘጠኙም መኪናዎች አንድ ላይ ሲንተከተኩ ወለሉ የውስጥ እግሬን ይኮረኩረኝ ነበር። ካውያው እርጥብ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ ጭስስ ይላል፤ የጠመኔው ብናኝ አፍንጫ ውስጥ ይገባና ያስነጥሳል። የኔ ቦታ በሁለቱ ክፍሎች መሃል፣ በሩ አጠገብ የተከመረው የጨርቅ ጥቅል ላይ ነበር። እዚያ ላይ ወጥቼ ስቀመጥ ሁለቱም ክፍል ይታየኛል፤ እኔን ግን ማንም ልብ አይለኝም።

እናቴ የቤቱ ባለቤት ናት። ቁልፍ ከመትከል ጀምራ ነው እዚያ የደረሰችው፤ ያኔ ግን ይህን አላውቅም። ለኔ እማዬ አለቃ ናት፤ አለቃ ማለት ደግሞ ሁሉንም የሚያዝ፣ እሱን ግን ማንም የማያዘው ሰው ነው። ትርጉሙን ያወጣሁት እኔው ነበርኩ፤ ለብዙ ዓመትም አላሻሻልኩትም።

ከሠራተኞቹ ሁሉ ሁለቱን አስታውሳለሁ። አንደኛዋ እትዬ ሬዲዮ ናት። ከፊተኛው ረድፍ የመጀመሪያው መኪና ላይ የምትቀመጥ ሰፊ ስትሆን፣ አንዴ ወሬ ከጀመረች ማጥፊያ ስለሌላት ነው እንዲህ የተባለችው። ሁለተኛው ጋሽ ልክ፣ ቆራጩ። ስድሳን የተሻገሩ፣ ቀጠን ያሉ፣ ጆሯቸው ላይ ጠመኔ የሚሰኩ ሰው ነበሩ። ቆርጠው በጨረሱ ቁጥር "ልክ!" ስለሚሉ ስሙ ወጣላቸው። እናቴ ቁልፍ በምትተክልበት ዘመን እሳቸው ዋና ቆራጭ ነበሩ። አለቃ ከሆነች ወዲህ ግን "እርስዎ" ነው የሚሏት።

"ኧረ ጋሼ፣ በሞቴ አንቺ ይበሉኝ" ትላቸዋለች።

"አይሆንም እመቤት። ሥራ ሥራ ነው" ይሏታል።

እኔ ታዲያ በዚህ "እርስዎ" የምኮራው ኩራት ልክ አልነበረውም።

የትምህርት ቤታችን ዩኒፎርም የሚሰፋው እናቴ ዘንድ ነበር። የዓመቱ ትልቁ ሥራ እሱ ነው። ትምህርት ሊከፈት አምስት ሳምንት ሲቀረው ሌላው ሥራ ሁሉ ይቆምና ግራጫው ጨርቅ ቤቱን ይሞላዋል። ጋሽ ልክ ጨርቁን አርባ አርባ እጥፍ እየደራረቡ በኤሌክትሪክ መቁረጫ ይቆርጣሉ፤ የተቆረጠው በየልኩ እየታሰረ ወደ መኪናዎቹ ይሄዳል።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ እትዬ ሬዲዮ ዝም አለች።

መጀመሪያ የታዘብኩት ይህንን ነው። ዞር ስል መኪናዋን አቁማ አንድ ሱሪ ወደ ላይ አንጠልጥላ ታያለች። ከአጠገቧ ያለችውም አቆመች። ከዚያ ሌላዋ። አንድ በአንድ ዘጠኙም ጸጥ ሲሉ፣ ከመናኸሪያው መንገደኛ የሚጠሩት ሰዎች ጩኸት ቤት ውስጥ ይሰማ ጀመር።

"ይሄ የትልልቆቹ ልጆች ሱሪ ነው?" አለች እትዬ ሬዲዮ። "ይሄ እኮ ለትንሹ ልጄም አይገባው!"

እናቴ መጣች። ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት የልክ ካርቶኖች አንዱን አውርዳ ሱሪው ላይ አጋደመችው። ከዚያ እስሩን ፈትታ ሌላ አወጣች። ሌላም። ሁሉም አንድ ነው። ለትልልቆቹ በስምንት ቁጥር ሊቆረጥ የሚገባው ጨርቅ በስድስት ቁጥር ተቆርጧል።

"ስንት ዙር ነው?" አለች።

"አራት" አሉ ጋሽ ልክ የኋለኛው ክፍል በር ላይ ቆመው። ድምፃቸው የሳቸው አይመስልም ነበር።

አራት ጊዜ አርባ። ማባዛት ስለተማርኩ በሆዴ አባዛሁትና ደነገጥኩ። እናቴ ጋሽ ልክን አየቻቸው፤ እሳቸው ዐይናቸውን በመዳፋቸው ያሻሉ። ሰፊዎቹን "እስቲ ሻይ ጠጡ" ብላ ካርቶኑን ወደ ቦታው መለሰችው።

ከሰዓት በኋላ ዳይሬክተራችን በቀጠሯቸው መሠረት ናሙና ሊያዩ መጡ። ረጅም፣ ጫማቸው ቋ ቋ የሚል፣ ሲያልፉ ኮሪደሩን ጸጥ የሚያሰኙ ሴት ናቸው። እናቴ ወንበር ሰጥታቸው እሷ ቆማ ቀረች።

"ሱሪዎቹ ተበላሽተዋል" አለች። "ጥፋቱ የኔ ነው።"

"እንዴት ነው የእርስዎ የሚሆነው?"

"የኔ ነው። ጨርቁ እንደገና መምጣት አለበት፤ እንደገናም ይቆረጣል። አሥር ቀን ይስጡኝ። በአሥረኛው ቀን መጥተው ይዩ። ካልሆነልኝ ሌላ ስፌት ቤት የምፈልግልዎት እኔው ነኝ።"

"በመጀመሪያው ቀን ልጆቹ ዩኒፎርም ከሌላቸው ወላጁ የሚጮኸው እኔ ላይ ነው" አሉ ዳይሬክተራችን። ከዚያ ተነሡ። "አሥር ቀን።"

ጥቅሉ ላይ እንደተቀመጥኩ ጆሮዬ ጋለ። ደብተሬ ላይ ቀለም ባፈሰስኩ ቁጥር "እጅሽን ሰብሰብ አድርጊ" የምትለኝ እማዬ፣ መቶ ስድሳ ሱሪ አበላሸች! ራሷ ተናገረች፤ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

በማግስቱ ከእንቅልፌ ስነሣ እናቴ ቤት የለችም። እጄን ይዛ ወደ ስፌት ቤቱ የወሰደችኝ እትዬ ሬዲዮ ናት። ስንገባ ያየሁትን መቼም አልረሳውም። ጋሽ ልክ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ራስጌ፣ ረጅሙ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። እናቴ ሽርጥ አስራ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ትልቁን መቀስ ይዛ የሸሚዝ ጨርቅ ላይ ጎንበስ ብላለች።

"ክንድሽን አታንሺ! ጠረጴዛው ላይ ይተኛ!"

"እሺ ጋሼ።"

"መቀሱን እስከ ጫፉ አትዝጊው፤ ጨርቁን ይነክሰዋል። ይኸው፣ ዘጋሽው! እንደገና!"

አንቺ! እማዬን አንቺ አሏት! ያ ሁሉ "እርስዎ" በአንድ ሌሊት ተገፍፎ፣ እናቴ እንደ ትንሽ ተማሪ እየተቆጡ የሚያሠሯት ሰው ሆነች። ለካ ሱሪ ያበላሸ ሰው እንዲህ ነው የሚደረገው።

ቀኑን ሙሉ ስከታተላት ዋልኩ። ያየሁት ሁሉ ጥርጣሬዬን አጸናው። ለጋሽ ልክ ሻይ ያመጣችው እሷ ናት። የጨርቁን ቁርጥራጭ ጠርጋ ያወጣችው እሷ ናት። አንዷ ሰፊ ልጇ ታሞባት ስትወጣ፣ በሷ መኪና ላይ የተቀመጠችውም እማዬ ናት። ወደ ማታ ገደማ እትዬ ሬዲዮ ወደ ጎረቤቷ ጠጋ ብላ ስለ እናቴ ስታወራ በመኪናው ድምፅ መሃል ጆሮዬ የገባው አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ "አለቀ።" አለቀላት ማለቷ ነው አልኩ። እትዬ ሬዲዮ ያለችው "እንዲህ ያለ አለቃ ከየት ይገኛል?" ነበር፤ ይህን ያወቅኩት ሠላሳ ዓመት ሲሞላኝ ነው።

ያን ዕለት ጠዋት የሆነውንም ያወቅኩት ከሷው ነው። እናቴ ሳይነጋጋ የወጣችው ወደ ጋሽ ልክ ቤት ነበር። ስትደርስ መቀሳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ሊያስረክቧት በር ላይ ቁጭ ብለው አገኘቻቸው። "ጨርሻለሁ እመቤት፤ ዐይኔ ከዳኝ። ሌላ ቆራጭ ይፈልጉ" አሏት። ሌላ ቆራጭ ማምጣት ትችል ነበር፤ ከተማው ውስጥ ሞልቷል። ግን ያ ጠረጴዛ አንዴ ለሌላ ሰው ከተሰጠ፣ ጋሽ ልክ ቤታቸው ቁጭ እንዳሉ እንደሚቀሩ ታውቃለች። ጥቅሉን ተቀበለችና "ጋሼ፣ እኔ መስፋት እንጂ መቁረጥ አላውቅም። ዐይንና እጅ አለኝ። የቀረውን ያስተምሩኝ" አለቻቸው። እሳቸውም ብዙ ካሰቡ በኋላ "እንደ ተማሪ ነው የማስተምረው፤ ቁጣ አለበት" አሏት። "ይቆጡኝ" አለች። "አንቺ" የመጣው ከዚያ ነው። እናቴ በዚያ ጭንቅ ሳምንት ደስ ያላት አንድ ነገር ቢኖር እሱ እንደነበር ነግራኛለች።

እኔ ግን ያኔ ከጥቅሌ ላይ ሆኜ ሌላ ነገር አይ ነበር። ጋሽ ልክ ካርቶን አንሥተው ወደ መስኮቱ ያስጠጉና፣ ወደ ዐይናቸው ያቀርቡና፣ መልሰው "ይሄ ስድስት ነው ስምንት?" ብለው ይጠይቋታል። ራሳቸው ሳያውቁ እሷን ይቆጧታል! አንዳንዴም እናቴ እየቆረጠች ዐይናቸውን ጨፍነው ይቀመጣሉ፤ እሷ እየደከመች እሳቸው የሚያንቀላፉ ይመስለኝ ነበር። ደሜ ፈላ።

ቅዳሜ ጠዋት ወሰንኩ። ትምህርት ቤታችን ከስፌት ቤቱ ሁለት መንገድ ብቻ ይርቃል። ማንም ሳያየኝ ወጣሁ። ግቢው ባዶ ነው፤ ቀለም ቀቢዎች መሰላል ላይ ሆነው ያፏጫሉ። የዳይሬክተራችን ቢሮ ክፍት ነበር። የፋይል ክምር ውስጥ ተቀብረው ሲጽፉ ቀና አሉ።

"አንቺ ከየት መጣሽ?"

በመንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ። "እማዬን ይማሯት" ብዬ አለቀስኩ።

ወንበር ላይ አስቀመጡኝ፤ መሐረባቸውን ሰጡኝ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። "ሱሪ ስላበላሸች ጋሽ ልክ አለቃ ሆነውባታል። ሲቆጧት ነው የሚውሉት። እሳቸው ራሳቸው እኮ አያዩም! ስድስትና ስምንት አይለዩም፤ እሷን ነው የሚጠይቁት። እሷ ግን እሺ ጋሼ ብቻ ነው የምትለው። እርስዎ ቢነግሯቸው ይመልሷታል።"

ዳይሬክተራችን ብዕራቸውን አስቀመጡ። "ስድስትና ስምንት አይለዩም?" አሉ ቀስ ብለው።

"አይለዩም!" አልኩ፣ ተረዱኝ ብዬ ደስ ብሎኝ።

ያወጣሁት ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። እናቴ አራት ቀን ሙሉ ከዘጠኝ ሰፊዎች ጋር ተጠንቅቃ የደበቀችውን ነገር በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት። ዳይሬክተራችን እጄን ይዘው ተነሡ። በመንገዱ ሁሉ ጫማቸው ቋ ቋ ይላል።

ስንደርስ መኪናዎቹ በሙሉ ይሠሩ ነበር። በሩ ላይ ቆመን ወደ ኋለኛው ክፍል አየን። እናቴ ትቆርጣለች፤ ጋሽ ልክ በርጩማቸው ላይ ሆነው ዐይናቸውን ጨፍነዋል።

"አዩ አይደል፣ ተኝተዋል" ልል ስል ጋሽ ልክ ዐይናቸውን ሳይገልጡ "ቁሚ" አሉ። "መቀሱ ድምፁን ቀየረ። ወደ ግራ ወጣሽ አይደል?"

እናቴ ጎንበስ ብላ አየችና ሳቀች። "የአንድ ጣት ግማሽ ያህል ወጥቻለሁ ጋሼ።"

እያዳመጡ ነበር። ለካ እንቅልፍ አልነበረም።

እናቴ ቀና ስትል አየችን። ፊቷ ተለወጠ፤ አሥረኛው ቀን አልደረሰም።

"ልጅዎን ላደርስ ነው የመጣሁት" አሉ ዳይሬክተራችን። "ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። የተበላሸውን የቆረጠው ማን ነበር?"

መኪናዎቹ እንደገና አንድ በአንድ ጸጥ አሉ።

"ነግሬዎታለሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው" አለች እናቴ።

ጋሽ ልክ ከበርጩማቸው ወረዱ። ጠረጴዛውን በእጃቸው እየዳሰሱ ወደ ድምፁ መጡና ከዳይሬክተራችን ፊት ቆሙ። "እኔ ነኝ የቆረጥኩት" አሉ። "ስድስቱ ስምንት መሰለኝ። ዐይኔ ጭጋግ ለብሶብኛል፤ ነገ ይሻለዋል እያልኩ ደበቅኩ። ሠላሳ አምስት ዓመት ቆርጫለሁ፤ አልታይ አለኝ ብሎ መናገር ሞት መሰለኝ። እሷ የለችበትም።"

እናቴ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"አለሁበት" አለች እናቴ። "ጋሼ፣ ጨርቁን ወደ መስኮት ሲያስጠጉ ሰባት ወር ሙሉ አይቻለሁ። አይቼ ዝም አልኩ። እንዳላስከፋዎት ነው እያልኩ ራሴን አሞኘሁ እንጂ እውነቱ ሌላ ነው። ዐይንዎን ምን ነካው ብዬ ከጠየቅኩ ሥራው ሊቆም ነው፤ እንዲቆም አልፈለግኩም። አንድ ቀን ቀረብ ብዬ ብጠይቅዎት ኖሮ እነዚያ ሱሪዎች አይበላሹም ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው ያልኩት የእርስዎን ልሸፍን ብዬ አይደለም። የኔ ስለሆነ ነው። አሁንም በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ።"

ጎንበስ አለች። ጋሽ ልክ ትከሻዋን ይዘው ቀና አደረጓት። ከኋላዬ አንዷ ሰፊ አፍንጫዋን ስትስብ ሰማሁ።

ያን ቀን የተረዳሁት ሲሶውን ነው። መጀመሪያ እናቴ አጥፊ መሰለችኝ። ካደግኩ በኋላ የሰው ጥፋት የተሸከመች ደግ ሴት ናት ብዬ ለሰው ሳወራ ኖርኩ። ሁለቱም ልክ አልነበረም። ዛሬ እኔ አሥራ አራት ሰዎች የሚሠሩበት ላብራቶሪ ኃላፊ ነኝ። ባለፈው ዓመት ከወጣት ሠራተኞቻችን አንዱ የሁለት ናሙና ምልክት አቀያየረ፤ ስብሰባ ላይ "ማን ነው?" ሲባል መጀመሪያ ምላሴ ላይ የመጣው የሱ ስም ነበር። ያለ ዕረፍት ሳምንት ሙሉ ያሠራሁት ግን እኔ ነኝ። "እኔ ነኝ" የምትለው አጭር ቃል ከጉሮሮዬ እስክትወጣ ያየሁትን አበሳ እኔ ነኝ የማውቀው። እናቴ ሁለቴ ነው ያለችው፤ ሁለተኛውን ደግሞ ሠራተኞቿ ሁሉ እየሰሙ።

ዳይሬክተራችን ሰዓታቸውን አዩ። "የተቆረጠው ለትንንሾቹ ይሆናል አይደል?" አሉ።

"ይሆናል።"

"እንግዲያው ትንንሾቹ መጀመሪያ ይልበሱ። ትልልቆቹ የሚዘገዩ ከሆነ ሳምንት በየልብሳቸው ይምጡ፤ ወላጆቹን እኔ እመልሳለሁ።" ከዚያ ወደ ጋሽ ልክ ዞሩ። "አባቴ፣ የእናቴም ዐይን እንደርስዎ ጭጋግ ለብሶ ነበር። አንዲት ጎበዝ ሐኪም ገፍፈውላት ዛሬ መርፌ ላይ ክር ታስገባለች። ሰኞ አብረን እንሂድ።"

"እኔም እሄዳለሁ" አለች እናቴ።

"አንቺ አትሄጂም" አሉ ጋሽ ልክ። "የሚቆረጥ እጅጌ አለሽ።" ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ግን እንዴት ይሳቃል ብዬ ግራ ገባኝ።

ሁሉም ወደ ሥራው ሲመለስ እኔም ጥቅሌ ላይ ወጣሁ፤ እናቴ ግን አወረደችኝና እግሯ ሥር ሳይሆን ከፊቷ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችኝ። እንደምትቆጣኝ እርግጠኛ ነበርኩ።

"ተባረርሽ ብለሽ ነው የሄድሽው?" አለችኝ።

ራሴን ነቅንቄ መለስኩላት።

"አራት ቀን እንዲህ እየጨነቀሽ ቁጭ ስትዪ አላየሁሽም። አንቺንም አልጠየቅኩሽ።" ጠመኔ በነካው አውራ ጣቷ ጉንጬን ጠረገችልኝ። "ይቅር በይኝ። አንቺም ሌላ ጊዜ መጀመሪያ እኔ ዘንድ ነይ፤ እሺ?"

እናት ልጇን ይቅርታ ስትጠይቅ ያየሁት የመጀመሪያዬ ነበር። ምን እንደሚመለስ ስላላወቅኩ እኔም "እሺ ጋሼ" አልኳት። እትዬ ሬዲዮ ሰምታ ኖሮ፣ እስከ ዛሬ ድረስ ታወራዋለች።

ጨርቁ በሰባተኛው ቀን መጣ። በአሥረኛው ቀን ዳይሬክተራችን ሲመጡ የትንንሾቹ አልቆ፣ የትልልቆቹ ግማሹ ተቆርጦ ነበር። ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩና "ሌላ ስፌት ቤት አልፈልግም" ብለው ወጡ። የጋሽ ልክ ዐይን በሦስተኛው ሳምንት ተሠራ። ፋሻው ተነሥቶላቸው የተመለሱ ቀን፣ በሩ ላይ ቆመው ዘጠኙን መኪናዎች፣ ግድግዳውን፣ እኔን ሳይቀር አንድ በአንድ ካዩ በኋላ ዐይናቸው እናቴ ላይ አረፈ።

"ውይ!" አሉ። "መቼ ነው እንዲህ የሸበትሽው?"

"እርስዎ ሳያዩኝ" አለች እናቴ፤ እንባዋ እየወረደ ትስቃለች።

ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ሠሩ። እናቴም በየሳምንቱ አንድ ቀን ሽርጥ እያሰረች ከጎናቸው ትቆርጥ ነበር፤ ሠራተኞቹን አንድ በአንድ "ምን ቸገረሽ?" ብላ የምትጠይቀውም በዚያ ቀን ነው።

ትምህርት የተከፈተ ዕለት ትልልቆቹ ሳይቀሩ ዩኒፎርማቸውን ለብሰው ነበር። እናቴ፣ ጋሽ ልክና እትዬ ሬዲዮ ስፌት ቤቱ በር ላይ ቆመው ልጆቹ በመንገዱ ሲያልፉ ያያሉ። እኔም ቦርሳዬን አንግቼ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ጋሽ ልክ በአዲሱ ዐይናቸው ከሩቅ እየለዩ "ስድስት... ስምንት... ስምንት... ስድስት" ይላሉ፤ አንድም አልሳቱም። ከሁሉም ኋላ አንድ ልጅ እየሮጠ መጣ። የሸሚዙ እጅጌ ጣቶቹን ሙሉ በሙሉ ውጦበታል።

እናቴ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። "ያንን የቆረጥኩት እኔ ነኝ" አለች።

ጋሽ ልክ ልጁ መታጠፊያው ጋ እስኪሰወር ድረስ በዐይናቸው ሸኙት።

"ግድ የለም" አሉ። "ያድግበታል።"